ባለተራዋ

ባለፈው ዓመት ለአንድ ዘመድ ለቅሶ ወልቂጤ ሄጄ ነበር። ካረፍኩበት ሆቴል ጀርባ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ይቆፈር ስለነበር፣ በአጥሩ ጥግ የቀሩት ጥቂት እንሰቶች እየተቆረጡ ሲወድቁ በመስኮት አየሁ። ብዙም ሳይቆይ ሽታቸው እላይ ድረስ መጣ፤ እርጥብ፣ ጥሬ፣ ጥቂት መረር ያለ፣ ገና የተከፈለ ዱባና ዝናብ የነካው አፈር የተቀላቀሉበት የሚመስል ሽታ። መስኮቱን ልዘጋ ተነሥቼ ነበር፤ አልዘጋሁትም። የቀኝ እግሬ ጣቶች በጫማዬ ውስጥ አንዳች የሚያዳልጥ ነገር ለመያዝ እንደሚታገሉ ሁሉ ሲታጠፉ ተሰማኝ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ አስታውሶ ነበር።

ያ ሽታ በእኔ ዘንድ የአንድ በጋ ሽታ ነው። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ከክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ በላይ ተሰቅሎ በየማለዳው ስማችን ሲጠራ ቁልቁል የሚመለከተን ዘመን ነበር። እንደዚያ በጋ በየዕለቱ ልቤ እየዘለለ የነቃሁበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አባቴ የከተማው ክሊኒክ ድሬሰር ነበር። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቀን ለምሳ ሲመጣ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ስደተኛ ልንቀበል ነው» አለ።

«የምን ስደተኛ?» አለች እናቴ።

«ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ልጆች ናቸው። በጋምቤላ በኩል ገብተው አሁን ጅማ ደርሰዋል። ትምህርት ቤት እንዲገቡ በየከተማው ለፈቃደኛ ቤተሰብ ይሰጣሉ። ለእኛ አንዲት ልጅ ደርሳናለች። ዕድሜዋ ከአስቴር ቢበልጥ አንድ ዓመት ነው።»

እናቴ ሌላ አልጠየቀችም። ተነሥታ ከሣጥን የእንግዳ አንሶላ አወጣች።

እኔም ስደተኛ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ አልጠየቅሁም። ወሩ የጽጌ ጊዜ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ስደት ይዘመራል፤ ሥዕሉም በግድግዳው ላይ አለ። እመቤታችን ልጇን አቅፋ በአህያ ተቀምጣለች፤ አረጋዊው ዮሴፍ በትሩን ይዞ ከፊት ይሄዳል። ስደተኛ ማለት እንግዲህ በአህያ የሚመጣ ሰው ነው። «አባባ፣ አህያ ከጅማ ወልቂጤ በስንት ቀን ይደርሳል?» ብዬ ጠየቅሁት። የሒሳብ ጥያቄ መስሎት ጥቂት አሰበና፣ «ሰባት ቀን ቢፈጅበት ነው» አለኝ። በስምንተኛው ቀን እንደምትደርስ ለክፍሌ ልጆች ሁሉ አስታወቅሁ። ለአህያዋም አንድ ትልቅ እቅፍ ሣር አጭጄ ከጓሮ ከመርሁት።

በስድስተኛው ቀን ግን ልጅቷ በአውቶብስ መጣች።

የጅማው አውቶብስ ስምንት ሰዓት ላይ ደርሶ ተሳፋሪው ምሳ እስኪበላ ይቆማል። በዚያች ሰዓት ወልቂጤ ሌላ ከተማ ትሆናለች፤ ብርቱካን ሻጮች በየመስኮቱ ይንጠለጠላሉ፣ ሸንኮራ የያዙ ሴቶች ይጋፋሉ፣ የሻይ ቤቶቹ አስተናጋጆች ከደጅ ቆመው «ግቡ! ግቡ!» ይላሉ። በዚያ ሁሉ አቧራና ጩኸት መካከል እሷ ከአውቶብሱ ስትወርድ፣ መውረድ የማያልቅባት ሰው መሰለችኝ። መጀመሪያ እግሯ ወጣ፤ ከዚያም እግሯ ብቻ ለረጅም ጊዜ ወጣ። ሰማያዊ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል። በብብቷ አንድ በጨርቅ የታሰረ ጥቅል ይዛለች። አባቴ ከወረቀቱ ላይ፣ «ኛማል?» ብሎ አነበበ። ራሷን ነቀነቀች።

እናቴ ጥቅሉን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። ኛማል አልለቀቀችም። ሁለቱም ፈገግ እያሉ፣ ሁለቱም እየጎተቱ ትንሽ ቆዩ።

«እንግዳ ዕቃ አያነሣም» አለች እናቴ፤ ጥቅሉንም ወሰደችው።

ይህች ቃል በዚያ ዓመት በቤታችን ከማንኛውም ቃል ይልቅ ተደጋግማ ተነግራለች። ኛማል ባልዲ ስታነሣ፣ «ተይው፤ እንግዳ ዕቃ አያነሣም።» መጥረጊያ ስትይዝ፣ «በሞቴ ተቀመጪ!» ጎረቤቶቻችንም ከእናቴ የባሱ ነበሩ። ክትፎ ያልላከ ቤት አልነበረም። በጎናችን ሱቅ የነበራቸው ወይዘሮ ዘይነባ በየጁምዓው በር ላይ ቆመው፣ «አሰላሙ አለይኩም፤ እንግዳዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» ይላሉ፤ እናቴም፣ «ባለፈው ሳምንት ወስደሻታል፤ ዛሬ አልሰጥም» ትላለች። ሁለት የተከበሩ ሴቶች በአንዲት ልጅ ምሳ ምክንያት ለሁለት ቀን ተኳርፈዋል። ኛማል በሄደችበት ቤት ሁሉ የምትቀመጠው ከፍ ባለው ወንበር ነበር፤ ረጃጅም እግሮቿን የምታደርግበት ቦታ ስለሚጠፋት ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ትቀመጣለች። ትበላለች፤ ግን ጥቂት። ትናገራለች፤ እሱም «እሺ» የምትለው ብቻ ነው።

የታችኛው መንጋጋዋ የፊት ጥርሶች አልነበሩም። በአገሯ ልጅ ሲያድግ እንደሚነቀሉ በኋላ ተረዳሁ፤ በጊዜው ግን የወተት ጥርሶች ወልቀው አዲሶቹ የዘገዩባት መሰለኝ። እንዲህ ያለ መዘግየት በጥንቃቄ መከታተል ያለበት ነገር ነውና፣ በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ መስመር አስምሬ በየጠዋቱ እያየኋት «ገና» ብዬ እጽፍ ነበር። ሃያ ሦስት ጊዜ «ገና» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ አባቴ ደብተሩን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በትምህርት ቤትም ነገሩ አንድ ዓይነት ነበር። መምህራችን ከፊት አስቀመጧት፤ ጥያቄ ግን አይጠይቋትም። አርፍዳ ብትመጣ አይቆጧትም። ደብተሯን አይመለከቱም። እኛ በየቀኑ እጃችንን ለማስመሪያ የምንዘረጋ ልጆች በቅናት እንቃጠል ነበር። አንዲት የክፍላችን ልጅ በእረፍት ሰዓት፣ «የስልክ እንጨት! ሽቦውን የት ጣልሽው?» ብላ ስትጮህባት፣ መምህሩ ልጅቷን ቀጥተው ሁላችንንም፣ «እንግዳ አይሰደብም!» ብለው አስጠነቀቁን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኛማልን የሚሰድባት ጠፋ። የሚያጫውታትም ጠፋ።

በግቢው ውስጥ ጉራግኛ መናገር ክልክል ነበር፤ የተናገረ ይንበረከካል። እኔ በቤቴ ጉራግኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ስል፣ አንድ ቀን በመካከል ምላሴ ዳልጦኝ ጠጠሩ ላይ ተንበረከክሁ። ፊቴን ወደ ባንዲራው አዙሬ እንባዬን ስውጥ ከጎኔ ጥላ ወደቀ። ኛማል ነበረች። ረጃጅም እግሮቿን አጥፋ አጠገቤ ተንበረከከች።

«አንቺ ደግሞ ምን አድርገሽ ነው?» አሉ መምህሩ ደንግጠው። «ተነሺ! አንቺን አይመለከትም!»

አልተነሣችም። መምህሩ በክንዷ ይዘው አነሷት፤ ጉልበቷን በመሐረባቸው አራገፉላት፤ ወደ ፊተኛው ወንበርም መለሷት። በእኔ ያሾፈች መሰለኝና ሁለት ቀን አላነጋገርኳትም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አውቶብሱ ነበር። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ የትም ብትሆን ጠፍታ ወደ መናኸሪያው ትሄዳለች። ከጅማ የመጣው አውቶብስ በር ላይ ቆማ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ትመለከታለች፤ የመጨረሻው ሰው ሲወርድ ወደ ቤት ትመለሳለች። እናቴ ከመስኮት ሆና፣ «ልትሄድ ነው የምትፈልገው። ምን አጎደልንባት?» ትላለች።

በታኅሣሥ የልጆቹን ጉዳይ የሚከታተሉት ሰው ከአዲስ አበባ መጡ። አቶ ሰይፉ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ጥቁር ቦርሳቸውን ከጉልበታቸው ላይ የማያወርዱ ሰው ነበሩ። ኛማልን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ከቅጹ ላይ እያነበቡ ጠየቋት። ጓደኛ አለሽ? «እሺ።» ምግቡ ተስማምቶሻል? «እሺ።» እዚህ መቆየት ትፈልጊያለሽ? ይህን ስትሰማ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

ልጆች እንወጣ ዘንድ ሲታዘዝ እኔ ከበሩ ጀርባ ቀረሁ።

«ልጅቷ አልተላመደችም» ሲሉ ሰማኋቸው። «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። በመጋቢት እመለሳለሁ፤ እስከዚያ እንዲሁ ከሆነች ወደ አዲስ አበባ ወስጄ ከትልልቆቹ ጋር ማደሪያ ውስጥ ባስገባት ይሻላል።»

በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደምወዳት ገባኝ። እስከዚያ ድረስ የማውቀው እንደማስተውላት ብቻ ነበር። እስከ መጋቢት ኛማልን ማላመድ አለብኝ አልኩ፤ የማላመጃ ዝርዝርም አወጣሁ። አንደኛ እንድትናገር፣ ሁለተኛ እንድትስቅ፣ ሦስተኛ ወደ መናኸሪያ እንዳትሄድ። ማስመሪያ ይዤ ፊደል አስቆጠርኳት። ከፊት ወንበር ተቀምጣ ፊደሉን ከእኔ በተሻለ ስላጠናችው አንደኛው ነገር በዚያው ቀረ። ለሁለተኛው ደግሞ ተረት ነገርኳት። በትሕትና አዳመጠችኝ።

ያሰብኩት ሁሉ ከሸፈ፤ ያላሰብኩት ግን በጥር አንድ ቅዳሜ ሆነ። እናቴ ለአክስቴ ለእቴቴ ዘርፌ ጨው እንዳደርስ ልካኝ እሷ ወደ ገበያ ወጥታ ነበር። ኛማል ተከተለችኝ። እንግዳ በእግሩ ይህን ያህል አይሄድም ብዬ ልመልሳት ሞከርኩ፤ በአንድ እርምጃዋ ሁለት እርምጃዬን እያለፈች ቀደመችኝ።

እቴቴ ዘርፌ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። ከከተማው ጫፍ ወንዙን ሲሻገሩ፣ ወደ ቸሃ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ለምለም እንሰት በከበበው ግቢ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖር ነበር። ስንደርስ ከጓሮዋ የሴቶች ሳቅ ይሰማል። ስድስት ሴቶች ደቦ ተሰብስበው እንሰት እየፋቁ ነበር። ይህ ሥራ እንዲህ ነው፤ ከግንዱ የተላቀቀው ወፍራም ሽፋን በተዘነበለ ሳንቃ ላይ ይጋደማል፤ ሴቲቱ ከፊቱ ቅጠል ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ወደ ላይ ዘርግታ የሽፋኑን ጫፍ በተረከዟና በጣቶቿ ከሳንቃው ጋር ትይዛለች፤ ከዚያም በሁለት እጇ የቀርከሃ መፋቂያ ይዛ ወደ ታች ትፍቃለች። ነጩ ለቆጮ የሚሆነው ይወርዳል፣ ቃጫው በእጇ ይቀራል። ቀሚስ ስለሚሰበሰብ፣ አፍም እንደልብ ስለሚከፈት፣ ወንድ ወደዚያ ቦታ ድርሽ አይልም። ባል ቢሆን፣ ዳኛ ቢሆን፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጣራል እንጂ አይገባም።

«የድሬሰሩ እንግዳ ይህቺ ናት?» አለችኝ እቴቴ በጉራግኛ።

«አዎ እቴቴ።»

«ከመጣች ስንት ወር ሆናት?»

«ሦስት።»

«ሦስት ወር የሚቀመጥ እንግዳ እኔ አላውቅም» አለች። ከዚያ ወደ ኛማል ዞራ፣ ከቆጮ ገበያ በለቃቀመችው አማርኛ፣ «አንቺ! እጅ አለ? አለ። እግርም አለ። ነይ ቁጭ!» አለቻት።

እኔ ደነገጥሁ። ኛማል ግን ሳንዳሏን አውልቃ ቅጠሉ ላይ ተቀመጠች። መፋቂያውን ተቀብላ በሙሉ ኃይሏ ወደ ታች ሳበችው፤ ቃጫው ተበጥሶ ከነጩ ጋር ተደባለቀ።

«ወይ ጉዴ!» ጮኸች እቴቴ። «በጠሰች! ይህ መፋቂያ ነው፣ መጥረቢያ ነው? ሰው ቃጫ ይበላል? እንደገና!»

ኛማል እንደገና ሳበች። እንደገና ተበጠሰ።

«ዓይን የለሽም? ቀስ! እንደገና!»

ልጅቷ አለቀሰች ብዬ ፊቷን ለማየት ፈራሁ። ቀስ ብዬ ብመለከት፣ ባዶው የጥርሷ ቦታ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ድረስ ፈገግ ብላለች። ስድቡ ያልገባት መሰለኝና ጠጋ ብዬ፣ «እየተቆጣችሽ እኮ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች ኛማል።

በሦስት ወር ውስጥ ከ«እሺ» ሌላ ከአፏ የሰማሁት ቃል ይህ ነበር።

በአሥረኛው ሙከራ ነጩ ሳይቆረጥ ረጅም ሆኖ ወረደ። እግሯ ከሳንቃው ጫፍ አልፎ ይተርፍ ነበር፤ የእኔ እግር ግማሹን እንኳ አይደርስም። ከጉንችሬ ተድራ የመጣች፣ ምላሷ የማያርፍ ጡሩዬ የምትባል ሴት ሥራዋን አቁማ፣ «ኧረ ይህን እግር እዩልኝ! እኔ በግማሹ ስታገል ሃያ ዓመቴ!» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። እቴቴ ብቻ አልሳቀችም። «በወሬ ቆጮ አይወጣም» አለች።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ እስኪደርስ መታገሥ አቃተን። ዓርብ ማታ ቀሚሳችንን ከትራሳችን ሥር አጣጥፈን እንተኛለን፤ ማለዳ «እቴቴን ልንጠይቅ ነው» ብለን እንበርራለን። የእኔ ሥራ ቅጠል ማቅረብ ነበር። የሚገርመው ኛማል ከእቴቴ ጋር ያለ ማቋረጥ ማውራቷ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ የጠራ ነበር፤ በፊቱ ቃል መሳሳት ያሳፍራል። የእቴቴ አማርኛ ግን ራሱ የሚያነክስ ስለነበር፣ በእሱ ላይ የሚሰናከል ሰው አያፍርም። ሁለቱ ሴቶች የተሰባበረውን ቋንቋ እየተቀባበሉ ስለ ላም፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ዝናብ ይነጋገሩ ነበር።

ደቦው በተራ ነው። በየቅዳሜው የአንዷ ሴት እንሰት ይፋቃል፤ የዚያን ቀን ባለተራዋ አዛዥ ናት፤ ምግቡንም የምታቀርበው እሷ ናት። በሦስተኛው ቅዳሜ ጡሩዬ መፋቂያዋን አስቀምጣ፣ «ይህቺ ልጅ የእኔን ፋቀችልኝ። የአንቺንም ፋቀች። የእሷን የሚፍቀው ማን ነው?» አለች።

«እሷ እንሰት የላትም» አልኩ እኔ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ሥራዋን ወስደን ተራ ካልሰጠናት ሌቦች ነን ማለት ነው።»

ነገሩ ትክክል ነበር። እቴቴ ዘርፌ ተነሣች፣ ኛማልን በእጇ ይዛ ወደ ራሷ ጓሮ ጥልቅ ወሰደቻት፣ ከሁሉ የወፈሩትን ሁለት እንሰቶች በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «ይህ ያንቺ። ይህም ያንቺ። ተራሽ ስድስተኛ ነው። እንዳትረሺ።»

ኛማል ሁለቱን እንሰቶች ዞራ አየቻቸው። አንዱን አቀፈችው።

በዚያው ቀን ተያዝን። የእንሰት ውሃ ልብስ ላይ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ እናቴ የኛማልን ቀሚስ አንሥታ አየችው፣ አሸተተችው፣ ነጠላዋን ለብሳ ወንዙን ተሻገረች። እኛም ከኋላዋ።

«እንግዳዬን አሠራሽብኝ?» አለች ከደጅ ሳትገባ። «ሰው ምን ይለኛል? ስደተኛ ተቀብላ አገልጋይ አደረገቻት አይለኝም?»

«ሦስት ወር ክትፎ አጎረስሻት» አለች እቴቴ። «ተናገረች?»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«እኔ ሦስት ቅዳሜ ተቆጣኋት። እስቲ ጠይቂያት።»

እናቴ ግን አልጠየቀችም። ፊቷ ቀልቶ ወደ ቤት መለሰችን። እንደገባን ኛማል በቀጥታ ባልዲውን አንሥታ ወደ ቧንቧው አመራች። የእናቴ አፍ ተከፈተ፤ ያችን የለመድናትን ቃል ልትናገር እንደሆነ አውቄአለሁ። ከንፈሯ ትንሽ ቆየ፤ ተዘጋ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እንዳታፈሺው!» አለች። ኛማል እየሮጠች ሄደች።

ከዝርዝሬ የቀረው ሦስተኛው ነበር። ወደ መናኸሪያው አሁንም ትሄዳለች። አንድ ቀን ስትመለስ ጠበቅኋትና፣ «ከእኛ ልትሄጂ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

በአግራሞት አየችኝ። «አይደለም። እኅቴን ነው።»

ታላቅ እኅቷ ጅማ ድረስ አብራት መጥታ ነበር። እዚያ ታመመችና ሐኪም ቤት ቀረች። ሲለያዩ፣ «ኛማል ወልቂጤ ነው የምትወርደው፤ ሲሻልሽ በአውቶብስ ትመጫለሽ» ብለው ነግረዋታል። «ወልቂጤን ነው የምታውቀው» አለች ኛማል። «አዲስ አበባ ከወሰዱኝ ታጣኛለች።»

ይህን ለአባቴ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። እኅቷ ከተገኘች ኛማልን ይዛት የምትሄድ መሰለኝ። ሌላውን ሁሉ በልጅነት አለማወቅ አሳብቤ ማለፍ እችላለሁ፤ ይህን ግን አውቄ ነው ያደረግሁት።

የኛማል ተራ ዐቢይ ጾም ሊገባ የቀረበ ቅዳሜ ላይ ዋለ። ወርቃማ፣ ነፋሻ ጠዋት ነበር። እናቴ ራሷ አይብና ጎመን አዘጋጅታ ሸክሙን ለኛማል ሰጠቻት። ኛማል ከሁሉ ቀድማ ደርሳ ሳንቃዎቹን ደረደረች፤ ሁለቱ እንሰቶቿ ሲወድቁ ያ ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ሴቶቹም ተቀመጡ። «ጡሩዬ፣ ወሬ ተዪ! ቃጫ በጠስሽ!» ስትል ሴቶቹ እየተንከተከቱ ታዘዙ። እኔ ቅጠል ይዤ እየሮጥሁ ሳለ ከአጥሩ ውጭ የወንድ ሳል ሰማሁ።

«ወንድ!» ጮኸች ጡሩዬ። «ወንድ መጣ! ቀሚስ! ቀሚስ!»

«ማነህ? እዚያው ቁም!» አለች እቴቴ።

«እኔ ነኝ» አለ የአባቴ ድምፅ። «አቶ ሰይፉም አሉ። ዛሬውኑ በስምንት ሰዓቱ አውቶብስ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመለሱ ኛማልን ሊያነጋግሩ ነው።»

ቅጠሉ ከእጄ ወደቀ። አንድ ወር ቀድመው መጥተዋል፤ የመጡትም ኛማል እስከ ክርኗ በእንሰት ውሃ በተነከረችበት ቀን ነው። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ጥቁር ቦርሳቸውን አቅፈው በጣቶቻቸው ጫፍ ቆመው ለማየት ይሞክሩ ነበር።

«ልጅቷን ሥራ ላይ አውላችኋታል እንዴ?» አሉ ቅር በተሰኘ ድምፅ። «ኛማል! ነይ ውጪ፤ ዕቃሽን እናዘጋጅ።»

ሁሉም ሴት መፋቂያዋን አቆመች። ኛማል ግን እግሯን ከሳንቃው አላነሣችም።

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ከአጥሩ በላይ ጥርት ብሎ ወጣ። «መውጣት አልችልም። ዛሬ ባለተራ ነኝ።»

«ምን?»

«ተራዬ ነው። እነዚህ ሰዎች የእኔን ነው የሚፍቁት። እኔ ከሄድኩ ማን ያዛቸዋል? ጥላ ሥር ይቀመጡ። አስቴር ምግብ ታመጣለች።»

ከአጥሩ ማዶ አባቴ ሲስቅ ሰማሁ፤ ያ የጥርሱን ደብተር ያየ ቀን የሳቀው ሳቅ ነበር። እኔም አሚቾ የሚባለውን የተቀቀለ የእንሰት ሥር፣ ቆጮና አይብ በጎመን በኮባ ቅጠል ላይ ይዤ ወጣሁ። አቶ ሰይፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡት። እየበሉ፣ ቅጹን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በአጥሩ አሻግረው ጠየቋት።

«ጓደኛ አለሽ?»

«አስቴር አለች። ጡሩዬም አለች፤ ግን ሰነፍ ናት።»

«እሰይ ስደቢኝ!» አለች ጡሩዬ።

«እዚህ መቆየት ትፈልጊያለሽ?»

«አዎ። እኅቴ ከጅማ በአውቶብስ ትመጣለች። የምታውቀው ወልቂጤን ነው።»

አቶ ሰይፉ ማኘካቸውን አቆሙ። «እኅት? በወረቀቱ እኅት የለችም። ለምን እስካሁን አልተናገርሽም?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለች ኛማል። ትንሽ ቆይታም፣ ያለ ክፋት፣ እውነቱ እንዳይጎድል ብቻ፣ «አስቴር ጠይቃኛለች» አለች።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። የምገባበት ቀዳዳ አጣሁ። «ይዛት እንዳትሄድ ብዬ ነው» አልኩ፤ ቀሪው ቃል በለቅሶ ተዋጠ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በወደድሁ። እጁን ራሴ ላይ አደረገ። ከአጥሩ ውስጥ የሰማሁት የእቴቴን ድምፅ ነበር፤ «አስቱ! ለቅሶ በኋላ! ቅጠል የታለ?»

አቶ ሰይፉ በቅጹ ላይ ረጅም ነገር ጻፉ። በመጨረሻ ብዕራቸውን ከድነው ለአባቴ፣ «እዚሁ ትቆያለች» አሉ።

ሥራው አልቆ የኛማል ቆጮ በቅጠል ተጠቅልሎ እንዲብላላ በተቆፈረለት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እየሮጥን ወደ መናኸሪያው ሄድን። የጅማው አውቶብስ ደርሶ ነበር፤ ኛማል እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማ የሚወርደውን ሰው ሁሉ አየች። የመጨረሻው ሰው ወረደ። እኅቷ አልነበረችም።

አቶ ሰይፉ ከእኛ ጋር ቆመው አብረዋት ይመለከቱ ነበር። የምሳው ሰዓት አልቆ ሾፌሩ ክላክስ ሲነፋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ሁሉ ተሳፈረ፤ እሳቸው አልተሳፈሩም። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊቱን ወደ ጅማ ያዞረ ሌላ አውቶብስ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። እሱን ጥቂት አዩት።

«የእኅትሽ ስም ማን ነው?» አሉ።

ነገረቻቸው። በቅጹ ጀርባ ጽፈው፣ ደግመው አንብበውላት፣ ቦርሳቸውን ለማንሣት ጎንበስ አሉ። ኛማል ቀደመቻቸው። አሁንም የእንሰት ሽታ በሚሸትት እጇ መያዣውን ጨበጠች። አቶ ሰይፉ አልለቀቁም፤ ሁለቱም ፈገግ እያሉ፣ ሁለቱም እየጎተቱ ትንሽ ቆዩ።

«እንግዳ ዕቃ አያነሣም» አለች ኛማል፤ ቦርሳውን ወስዳ በእነዚያ ረጃጅም እግሮቿ መንገዱን ቀድማቸው ተሻገረች።